ሰላምታ በጠፈር በኩል

መነጋገር እጅግ በረከሰበት ዘመን ሰላምታ መወደዱ የሚያስገርም ነገር ነው። ጎንደር ያለ ሰው ሜሪላንድ ካለ ወንድሙ ጋር ያለ ክፍያ፣ ፊት ለፊት እየተያየ፣ የቡናውን ጢስ ጭምር እያሳየ በሚያወራበት በዚህ ጊዜ፣ ስልካችን ሲጮኽ «እንደምን ዋልህ» ከማለታችን አስቀድመን «ምን ተፈለገ?» የምንል፣ ጽሑፍ ሲላክልንም ለደስታውም ለሐዘኑም በአንዲት ቢጫ ፊት መልሰን የምንገላገል ሰዎች ሆነናል። እንዲህ ባለው ዘመን መካከል ግን፣ ስልኩን በኪሱ እንደ ያዘ ከቤቱ ወጥቶ፣ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ የብረት አንቴና በአንድ እጁ፣ ትንሽ ራዲዮ በሌላ እጁ ጨብጦ፣ በሰዓት 27 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ከራሱ በላይ ለሚያልፍ አንድ ግዑዝ ነገር ድምፁን ወደ ሰማይ የሚወረውር፣ ያም ግዑዝ ነገር ድምፁን ተቀብሎ ባሕርና ተራራ ተሻግሮ ለሚገኝ እንደ እርሱ ላለ ሌላ ሰው እንዲያደርስለት የሚማጠን፣ የተላከውም ነገር ቢመረመር ከሰላምታ በቀር ምንም የማይገኝበት አንድ ወገን በዓለም ላይ አለ። ይህ ወገን የአማተር ራዲዮ ሰዎች ወገን ነው፣ ግዑዙም ነገር ሳተላይት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊም፣ ባለቤቱ እንደምትለው ከሥራ ፈትነት የተነሣ፣ ከዚያ ወገን አንዱ ነው።

አማተሮች በየአገሩ ፈተና እየተፈተኑ ፈቃድ የሚቀበሉ ናቸው። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ሲሆን፣ 26ቱን ለመለሰ ሰው መንግሥት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበትን፣ የጥሪ ምልክት የሚባለውን፣ በምድር ሁሉ ሌላ ሰው የማይጠራበትን ስም ይሰጠዋል፤ ከክርስትና ስሜ ወዲህ እንዲህ ያለ ክቡር ስም ተሰጥቶኝ አያውቅም። ይሁን እንጂ ከፈቃዱ ይልቅ የሚደነቀው ፈቃዱን ተከትሎ የሚመጣው ሕግ ነው። በዚህ ራዲዮ መነገድ ክልክል ነው፤ ቤት ማከራየት፣ ዘፈን ማሰማት፣ ትርጉሙ በተሰወረ የምስጢር ቋንቋ መነጋገር ክልክል ነው። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው ለብዙ ዘመን ጸንቶ የኖረው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ደንብ ነው፤ ያ ደንብ አማተሮች ከአገር ወደ አገር ሲነጋገሩ ስለ መሣሪያቸው ጠባይ፣ ከዚያም በተረፈ እጅግ ተራ ከመሆኑ የተነሣ የቴሌግራፍ ዋጋ ሊከፈልበት የማይገባውን የግል ነገር ብቻ እንዲናገሩ ያዝዝ ነበር። ደንቡን ያረቀቁት ባለሥልጣኖች የየአገራቸው የፖስታና የቴሌግራፍ ገቢ እንዳይነካ መጠንቀቃቸው ግልጥ ነው፤ ነገር ግን ሳያስቡት ለሰው ልጅ ታላቅ ውለታ ዋሉ። ቁም ነገር የማይነገርበት ጉባኤ በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ቁም ነገር መናገር በሕግ የተከለከለበት ጉባኤ ግን ከዚህ በቀር አላየሁም።

የመጀመሪያዪቱ የአማተሮች ሳተላይት ራሷ ከዚህ ሥርዓት አልወጣችም። ሩሲያ ስፑትኒክን ካመጠቀች ከአራት ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ አማተሮች፣ ከሥራ መልስ በየጋራዣቸውና በየምድር ቤታቸው እየተሰበሰቡ፣ 4 ኪሎ ተኩል ያህል የምትመዝን አንዲት ሣጥን ሠርተው ኦስካር ብለው ሰየሟት። በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 12 ቀን 1961፣ በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 1954፣ በበዓታ ለማርያም ዕለት፣ ከቫንደንበርግ የጦር ሰፈር ዲስከቨረር 36 ከምትባል ታላቅ ሳተላይት ጋር በአንድ ሮኬት ተሳፍራ ወጣች። የተሰጣት ቦታ ቀድሞ ለሚዛን ሲባል ባዶ ብረት ይጫንበት የነበረው ነው፤ ከሮኬቱ አስፈንጥሮ የለያትም ከአንድ መደብር በ1 ዶላር ከ15 ሳንቲም የተገዛ ሞላ እንደ ሆነ ይነገራል። ታላቂቱ ሳተላይት ለሳይንስ ጥናት ወጣች ተብሎ ቢነገርላትም፣ እውነተኛ ሥራዋ ከሰማይ ሆና የሌላውን አገር ጓዳ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ነበረ ከብዙ ዘመን በኋላ በይፋ ተገለጠ። ታናሺቱ ግን በሞርስ መጀመሪያ አራት ነጥብ፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ እያሰማች፣ ባትሪዋ እስኪደክም ሦስት ሳምንት ያህል «ሃይ» የምትለውን አንዲት የእንግሊዝኛ ሰላምታ ብቻ ለዓለም ሁሉ ስታድል ሰነበተች። ሌላ ቃል አልተማረችም፤ ሌላ ጉዳይም አልነበራትም። እንግዲህ በአንድ ሮኬት ከወጡት ከሁለቱ አንዲቱ ጎረቤቷን አጮልቃ ስታይ፣ ሁለተኛዪቱ ጎረቤቷን ሰላም ስትል፣ ይህ የሰው ልጅ ጠባይ ጠቅላላ ሁኔታ በአንድ ጭነት ተጠቃሎ ወደ ሰማይ መውጣቱ ነው ብል አንባቢ የሚፈርድብኝ አይመስለኝም። በ28 አገር የሚኖሩ ከ570 የሚበልጡ አማተሮች ሰላምታዋ ደርሶናል ብለው ጽፈዋል፤ እርሷም በጃንዋሪ 1962 መጨረሻ ወደ አየር ተመልሳ ገብታ ተቃጠለች።

ከእርሷ በኋላ የመጡትን ሁሉ መዘርዘር ለጸሐፊም ለአንባቢም ድካም ነው። በ1965 የወጣችው ኦስካር 3 የሰውን ድምፅ ተቀብላ ለሌላ ሰው ታስተላልፍ እንደ ነበረ፣ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯትና በ1970 የወጣችው ኦስካር 5 አንቴናዎቿ ከአናጢ የብረት ሜትር ተቆርጠው እንደ ተሠሩ መናገር ይበቃል። እንዲህ ያሉትን ሳተላይቶች የሚያሠራው አምሳት የተባለው ማኅበርም በ1969 እዚሁ ከደጃችን ዋሽንግተን ላይ ተቋቋመ፤ ሐበሻ በዚህ ከተማ ገና ምግብ ቤት ሳይከፍት መሆኑ ነው።

ስለ ኦስካር 7 ግን ባጭሩ ማለፍ አይሆንልኝም። ይህች ሳተላይት ኖቬምበር 15 ቀን 1974 ወጣች፤ በእኛ ኅዳር 6 ቀን 1967 የቁስቋም ዕለት፣ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ከወረዱ ሁለት ወር ሲሆናቸው ማለት ነው። እንግዲህ እርሷና ደርግ እኩዮች ናቸው። በ1981 ባትሪዋ በውስጡ ሾርት አድርጎ ሞተች፤ ባለቤቶቿም አዝነው ስሟን ከሕያዋን መዝገብ ፋቁ። ሬሳዋ ግን 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር በላይ እየዞረ፣ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ዓለምን እየጎበኘ ኖረ። ከታች በምድር የበርሊን ግንብ ፈረሰ፣ ደርግ ወደቀ፣ ሶቭየት ኅብረት የሚባል መንግሥት ከካርታ ላይ ጠፋ፤ እርሷ ይህን ሁሉ ሳትሰማ አንቀላፍታ ነበር። ጁን 21 ቀን 2002፣ ማለት ሰኔ 14 ቀን 1994፣ አንድ እንግሊዛዊ አማተር በራዲዮው የሞርስ ድምፅ ቢሰማ ድምፁ የኦስካር 7 ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ያ በባትሪዋ ውስጥ የነበረው ሾርት ከብዙ ዓመት በኋላ በራሱ ተበጥሶ፣ ከፀሐይ ሰሌዳዎቿ የሚመጣው ኀይል ባትሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ ራዲዮዋ መግባት ስለ ጀመረ ነው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታያት ትናገራለች፤ ወደ ምድር ጥላ ስትገባ ትወድቃለች፤ ከጥላው ስትወጣ ደግሞ ትነሣለች፤ ስትነሣም ከሁለቱ የአሠራር ዐይነቶቿ በየትኛው እንደምትነሣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ይህን ነገር ለአንድ ካህን ወዳጄ በአድናቆት ባጫውታቸው፣ ትንሣኤን ለባትሪ አታውለው ብለው ገሠጹኝ፤ እኔም ታዝዤ ከዚያ ወዲህ «ነቃች» ብቻ እላለሁ። በመሣሪያም በሰውም ላይ የጡረታ ደብዳቤ የሚፈርሙ ሁሉ ግን ታሪኳን ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

ለጀማሪ የምትመከረው ሌላ ናት፤ በሳውዲ አረቢያ ተሠርታ ዲሴምበር 20 ቀን 2002 የወጣችው ኤስኦ 50። ይህች ሳተላይት ኀይሏን ለመቆጠብ ስትል ታንቀላፋለች፤ የሚፈልጋት ሰው መጀመሪያ 74.4 ኸርትዝ የሆነ፣ ለጆሮ እምብዛም የማይሰማ፣ ወፍራም የሆነ ዝማሜ ልኮ መቀስቀስ አለበት፤ ስትነቃም ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየንግግሩ ሥር 67 ኸርትዝ የሆነ ሌላ ዝማሜ ካልታከለበት ፊቷን አትመልስም። በ145.850 ሜጋኸርትዝ ይናገሯታል፣ በ436.795 ሜጋኸርትዝ ትመልሳለች፤ የምትመልስበትም ኀይል ሩብ ዋት ነው። ነገር ግን ፍጥነቷ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ዶፕለር የተባለው ኦስትሪያዊ ሊቅ በ1842 እንደ ገለጠው ሕግ፣ ወደ እኛ ስትገሠግሥ የሞገዷ ድግግሞሽ ከፍ ይላል፣ ከእኛ ስትሸሽ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከአድማስ ብቅ ስትል በ436.805 የሰማት ሰው፣ ድምፁ እየተንሻፈፈ ሲሄድ በገና ደርዳሪ አውታሩን እንደሚያላላ በየጥቂቱ እያወረደ፣ ስትጠልቅ በ436.785 ይሰናበታታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአሥር ደቂቃ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። በአንድ እጅ አንቴናውን ይዞ ሳተላይቷ በምትሄድበት ሁሉ መከተል፣ አንዳንድ ጊዜም የሞገዷ ንዝረት አቅጣጫ ስለሚዞር አንቴናውን በእጅ አንጓ ማዞር፣ በሌላ እጅ ራዲዮውን መቃኘት፣ ቁልፉን ተጭኖ መናገር፣ የሰሙትንም ስም መጻፍ ያስፈልጋል፤ ፈጣሪ ለሰው ሁለት እጅ ብቻ ሲሰጥ ይህን መዝናኛ በልቡ እንዳላሰበ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ሌላው ችግር ቀጠሮ ነው። ሳተላይት የሐበሻ ቀጠሮ አታውቅም። የምትወጣበትም የምትጠልቅበትም ሰዓት በኮምፒዩተር እስከ ሰከንዱ ተሰልቶ ይታወቃል፤ ሠርግ ላይ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ደርሶ «ቀድሜ መጣሁ መሰለኝ» የሚል ሰው፣ ለአንዲት ሳጥን ሲል ከግብዣ መካከል እየተነሣ ሲወጣ ማየት ለዘመዶቼ የመጀመሪያው የመደናገጫ ምክንያት ሆነ።

ስንገናኝ የምንባባለው ነገር እነሆ። አማተሮች ምድርን ሁሉ በፊደልና በቁጥር በሚጠሩ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለዋታል፤ ዳላስ ኢኤም 12 ነው፣ ለንደን አይኦ 91፣ አዲስ አበባ ኬጄ 99። ሐበሻ የከተመባትን የሜሪላንዷን ሲልቨር ስፕሪንግን ግን 39ኛው የኬክሮስ መስመር በላይዋ ስለሚያልፍ ግማሿ ኤፍኤም 18፣ ግማሿ ኤፍኤም 19 ሆኗል፤ እንጀራውን ከአንዱ ማዕዘን ገዝቶ ወጡን በሌላው ማዕዘን የሚበላ ሰው ይህን ሳያውቅ መኖሩ ያሳዝነኛል። እኛ የምናውቀው ግን አንዳንድ ጊዜ ሆነ ብለን መስመሩ ላይ እግራችንን አንፈራጥጠን ቆመን ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንሰጣለን፤ የሩቁ ሰው በአንድ ሰላምታ ሁለት ማዕዘን ስላገኘ ደስታው እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የጥሪ ምልክትህን ትጠራለህ፣ ማዕዘንህን ትናገራለህ፤ እርሱም የራሱን ይነግርሃል፤ ድምፅህ ጥሩ ነው ትባባላላችሁ፤ ከድሮ የቴሌግራፍ ሰዎች በተወረሰ ልማድ «ሰባ ሦስት» ብላችሁ መልካም ምኞት ትለዋወጣላችሁ። ንግግሩ በዚህ ተፈጸመ። በቅዳሜና በእሑድ ደግሞ በአንዲት ሳተላይት ላይ ግማሽ አህጉር ስለሚረባረብ፣ ይህንንም ለማለት ጉሮሮ ማሻከር ያስፈልጋል።

በሠፈራችን ልጃቸው ወልዳ ለአራስ ቤት ከጎጃም የመጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቀን ወደ ማታ በመኪና ማቆሚያው ሜዳ አንቴናዬን ወደ ሰማይ ደቅኜ ቆሜ ሳለሁ፣ ሕፃኑን አዝለው ሲንሸራሸሩ አዩኝና ቀረቡ።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?»

«የጠፋብኝ የለም እማማ፤ ሳተላይት እየጠበቅሁ ነው።»

«በየት ነው የምትመጣው?»

«በደቡብ በኩል፣ ከዚያ ከሕንፃው ጀርባ ትወጣለች።»

«ምን ይዛ ትመጣለች?»

«ምንም አትይዝም፤ የሰው ድምፅ ነው የምታደርስ።»

መልሴ ያጠገባቸው አይመስልም፤ ነገር ግን ከእኔ ጋር ሰማዩን እያዩ በትዕግሥት ቆሙ። ሳተላይቷ በሰዓቷ ወጣች፤ እኔም የጥሪ ምልክቴን ደጋግሜ ጮኽሁ፤ ከቴክሳስ አንድ ሰው መለሰልኝ፤ ሥርዓታችንን አደረስን፤ ሌሎችም እየተጋፉ የድርሻቸውን ጮኹ፤ ሳተላይቷ ጠለቀች። ላቤን ስጠርግ እማማ ጥያቄያቸውን ጀመሩ።

«ማነው ይህ?»

«ቴክሳስ ያለ ሰው ነው፤ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።»

«ዘመድህ ነው?»

«አላውቀውም እማማ።»

«ደኅና ነው ግን?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ልጆቹስ?»

«ጊዜ የለም እኮ እማማ፤ ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቃል።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«ያለበትን ስፍራ ቁጥር ነገረኝ፤ እኔም የእኔን ነገርሁት።»

እማማ ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። «ወይ ጉድ! ሰማይ ድረስ ተልኮ፣ ደኅንነት ሳይጠይቅ የሚመለስ ድምፅ! እኛ አገር ለመንገደኛ እንኳ ከሰዉ አልፎ ከብቱ ይጠየቃል» አሉና ሕፃኑን እያባበሉ ሄዱ።

እማማ የተናገሩት እውነት ነው። ሆኖም ማታውን ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሳወጣው፣ እንደ ጎጃም ሥርዓት እንደምን ከረምህ፣ ቤተ ሰቡ እንደምን ነው፣ አዝመራው እንደምን ነው እያልሁ ብሄድና እርሱም ለየአንዳንዱ እግዚአብሔር ይመስገን እያለ ቢመልስልኝ፣ ገና ወደ ከብቱ ሳልደርስ ሳተላይቷ ግሪንላንድን ታልፋለች። ስለዚህ ሰላምታው የጠፋ አይደለም፤ እንደ ፈረስ ጭነት ተጠቅልሎ ታስሮ ነው የሚላከው ማለት ይቻላል። ያ የቴክሳስ ሰው ከእራቱ ተነሥቶ፣ አንቴናውን ይዞ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የማያውቀውን ሰው ጥሪ ለይቶ ሰምቶ መመለሱ፣ ካሉበት ሳይነሡ በስልክ ከሚላኩ ብዙ «እንዴት ነህ»ዎች እንደሚበልጥ እኔ አልጠራጠርም። አንዳንዶች ከዚህም አልፈው፣ መገናኘታችንን የሚመሰክር፣ ሥዕልና ማኅተም ያለበት ካርድ በፖስታ ይልካሉ፤ ለአንድ ደቂቃ ሰላምታ ቴምብር የሚገዛ ሰው ዛሬ ሌላ የት አለ?

በዚህ ጉባኤ ማዕርግ አይታይም። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን ጄዋይ 1 የሚል የጥሪ ምልክት የነበራቸው ትጉህ አማተር ነበሩ፤ በ1983 መጨረሻ አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ኦወን ጋሪዮት በኮሎምቢያ መንኰራኩር ሆኖ ከሰማይ ወደ ምድር በአማተር ራዲዮ በመናገር የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ ከተገናኛቸው ሰዎች አንዱ እኒሁ ንጉሥ ናቸው። ዮርዳኖስም የመጀመሪያዋን ሳተላይት በ2018 ስታወጣ ለጥሪ ምልክታቸው መታሰቢያ ጄዋይ1ሳት ብላ ሰየመቻት፤ አማተሮች እንዲነጋገሩባትም ፈቀደች። ብዙ ነገሥታት በነሐስ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ፤ እኒህ ግን ሰው ሰላምታ በተለዋወጠባት ሣጥን መታሰባቸው ከሁሉ የሚሻል ሐውልት ይመስለኛል።

ከሰማይ በኩል ያለውን ስንመለከት ደግሞ ሰርጌይ ክሪካሌቭ አለ። ይህ ሰው ሜይ 18 ቀን 1991፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአዲስ አበባ ሊወጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ሚር ወደ ተባለው የሶቭየት ጠፈር ጣቢያ ወጣ። እዚያ ሳለ የላከው መንግሥት ከሥሩ ፈረሰ፤ የሚመለስበትም ጊዜ እየተራዘመ፣ ወደ ምድር የወረደው በማርች 1992 ነው። ያን ሁሉ ወራት በአማተር ራዲዮው ከምድር ሰዎች ጋር፣ ከእነርሱም መካከል በአውስትራሊያ ከምትኖር አንዲት ሴት ጋር ሲጨዋወት ቆየ። መንግሥት በሚፈርስበት ጊዜ የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ እኛ የዚያ ዘመን ሐበሾች እናውቃለን፤ «እንዴት አደርህ?» የሚል ሰው ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2006 የሆነው ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጊዜው ያለፈበት አንድ የሩሲያ ጠፈርተኛ ልብስ ነበረ፤ ጠፈርተኞቹ አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ ራዲዮና ባትሪ በሆዱ አኑረው፣ አንቴና በራስ ቁሩ ላይ ተክለው፣ ከጣቢያው አውጥተው በእጃቸው ገፍተው ለቀቁት። ውስጡ ሰው የሌለበት ይህ ልብስ እጁንና እግሩን ዘርግቶ ዓለምን እየዞረ፣ አስቀድሞ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተቀዳለትን ሰላምታ በደከመ ድምፅ ሲያሰማ ሰነበተ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወርዶ ተቃጠለ። ይህን ለእማማ አልነገርኋቸውም፤ ሰው በቁሙ ሲያልፍ ሰላም የማይልበትን አገር አይተው ሳያበቁ፣ ባዶ ልብስ ሰላም እያለ ይዞራል ቢባሉ ወደ ጎጃም መመለሻቸውን ያፈጥኑት ነበር።

እዚህ ላይ ባለቤቴ የምታነሣው ነቀፌታ አለ። «ለማታውቀው ሰው ሰማይ ድረስ ትወጣለህ፤ አዲስ አበባ ላለች እኅትህ ስልክ መምታት ግን ያታክትሃል» ትላለች። እኔም የጠፈርን ሥነ ጂኦሜትሪ ጠቅሼ እከላከላለሁ። ሁለት ሰዎች በአንዲት ሳተላይት የሚገናኙት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲያዩአት ነው፤ ያቺ ባለ ረጅም ዕድሜ ኦስካር 7 እንኳ ከፍታዋ በሚፈቅደው መጠን የምታገናኘው እስከ 7,900 ኪሎ ሜትር ድረስ ያሉትን ነው፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደግሞ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከዚህ ሜዳ ቆሜ ለንደንን ማግኘት እችላለሁ፤ አምስት ኪሎን ግን አልችልም። አምስት ኪሎን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ኢቲ3ኤኤ የተባለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ያለው እዚያው በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው፤ የጥሪ ምልክቱም በዓለም አማተሮች ዘንድ የሚፈለግ ነው።

ሆኖም ለአገር ቤት ሰዎች ከእኛ የበለጠ ነገር ወጥቶላቸዋል። ኖቬምበር 15 ቀን 2018፣ ኦስካር 7 በወጣችበት ቀን ከ44 ዓመት በኋላ፣ ኳታር ኤስሃይል 2 የተባለችውን የቴሌቪዥን ሳተላይት ስታወጣ ለአማተሮችም ቦታ አብጅታላቸው ነበር፤ አማተሮች ኪውኦ 100 ይሏታል። ይህች በ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ከምድር ወገብ በላይ፣ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ከምድር ጋር እኩል እየዞረች አንድ ቦታ ቆማ ትኖራለች፤ አትወጣም፣ አትጠልቅም፣ የሐበሻንም ቀጠሮ ትታገሣለች። ከብራዚል እስከ ታይላንድ፣ አፍሪካንም ሁሉ ጨምሮ፣ የምድርን ሲሶ በአንድ ጊዜ ታያለች፤ ድምፅ ወደ እርሷ ወጥቶ እስኪወርድ የሚወስደው ሩብ ሰከንድ ያህል ነው። በእርሷ ላይ አንድ ሰው ስለ ልጆቹም፣ ስለ አዝመራውም፣ ስለ ከብቱም ቢጠየቅ የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ለእማማ የምትገባው ሳተላይት ይህች ናት። የእኔን ሜዳ ግን አታየውም፤ ከአድማሷ ውጭ ነኝ።

ስለዚህ የአዲስ አበባ አንባቢ ሆይ፣ ጣሪያህ ላይ ወደ ዐረብሳት 26 ዲግሪ የዞረ ሳህን ካለህ፣ ኪውኦ 100 ከዚያው አቅጣጫ ስለሆነች ሳህንህ የአማተሮችን ሰላምታ ሌሊትና ቀን እየተቀበለ ነው። ቤትህ ያለው መቀበያ ለድራማ ብቻ የተሠራ ስለሆነ አይሰማውም፤ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ ትንሽ የራዲዮ መቀበያ አግኝተህ ከሳህኑ ሽቦ ጋር ብታያይዘው ትሰማዋለህ። ለመመለስ ግን ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ፈቃዱን ስታገኝ በእኔ ፋንታ ሰላም በልልኝ።